«አቁም» የማይባለው ክር፦ የጃቫ «ስቶፕ» ለምን ሞተ? የተተካበትስ ይበቃል?

ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ትእዛዝ ነበረው። ስሙ «ስቶፕ» ነው፤ ትርጉሙም እንደ ስሙ «አቁም»። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ ሲቀርብ አብሮ ወጣ። በ1998 መጨረሻ ስሪት 1.2 ሲለቀቅ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው «አደገኛ ነውና አትጠቀሙበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፉበት። ትእዛዙ ግን መሥራቱን አልተወም። በእርግጥ መሥራት ያቆመው በማርች 2023 በወጣው ስሪት 20 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጠራው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «ይህ አይቻልም» የሚል ስህተት ብቻ ሆነ። እስቲ ቀንሱት፤ 24 ዓመት ከጥቂት ወራት። ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ ሥራ የሚይዝበት ዕድሜ ማለት ነው።

በፕሮግራመሮች ዘንድ ስለዚህ ትእዛዝ የሚባለው ባጭሩ ነው፦ «አሮጌ ነው፣ አትንካው»። ይሄ መልስ አይበቃም። ለምን አደገኛ እንደሆነ ያልገባው ሰው ያንኑ አደጋ በሌላ ስም መልሶ ይሠራዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው፦ የጋራ ነገር የሚነካን ክር ከውጭ ሆኖ በደህና የሚያቆም ትእዛዝ በየትኛውም ቋንቋ ሊኖር አይችልም። ጃቫ ይህን መቀበሉ ትክክል ነው። በምትኩ የሰጠን መሣሪያ ግን ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ዛሬ ድረስ አልተደፈነም።

መጀመሪያ ቃላቱን እንግባባባቸው። አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ሲሠራ፣ እያንዳንዱን የሥራ ሂደት ፈረንጆቹ «ትሬድ» ይሉታል። ክር ማለት ነው፤ እኔም ክር እለዋለሁ። ክሮች አንድ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያንኑ ማህደረ ትውስታ ይጋራሉ። ሁለት ክሮች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነካኩት የሚደረግበት መሣሪያ ደግሞ «ሎክ» ነው። በአማርኛ ቁልፍ ብንለው ያስኬዳል፤ ቃሉ የበሩንም የሸሚዙንም አንድ ላይ ስለሚጠራ ትንሽ ያምታታል እንጂ። እዚህ «ቁልፍ ያዘ» ስል ክሩ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ ማለቴ ነው፤ «ቁልፍ ለቀቀ» ስል ጨርሶ ወጣ። ሌሎቹ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

አሁን አንድ የባንክ ፕሮግራም አስቡ። አንዱ ክር ከአልማዝ ሂሳብ 5,000 ብር ቀንሶ በከበደ ሂሳብ ላይ ሊጨምር ነው። የሁለቱንም ሂሳብ ቁልፍ ያዘ። ከአልማዝ ቀነሰ። ለከበደ ከመጨመሩ በፊት ግን ሌላ ክር ከውጭ ሆኖ «ስቶፕ» አለው። ምን ይፈጠራል?

ጃቫ ያደርግ የነበረው እንዲህ ነው። በክሩ ላይ «የክር ሞት» የሚባል ስህተት ይወረውርበታል። ክሩ የጀመረውን ጥሎ ይወጣል፤ ሲወጣም «ሲንክሮናይዝድ» በተባለው የጃቫ መደበኛ ቁልፍ የዘጋቸው በሮች በሙሉ በራሳቸው ይከፈታሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ደግነት ይመስላል፤ ማንም በር ላይ ቆሞ አይቀርም። ግን በሩ የተከፈተው ሥራው ስላለቀ አይደለም። ቀጥሎ የሚገባው ክር የሚያገኘው 5,000 ብር የጎደለበት ባንክ ነው። ይህ ክር ደግሞ የሚጠረጥርበት ምንም ምክንያት የለውም። የቁልፍ ትርጉሙ እኮ «በሩ ከተከፈተ ውስጡ ደህና ነው» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ጃቫ በሩን ከፈተ፤ ቃል ኪዳኑን ግን አፈረሰ።

ከሁሉ የከፋው ጸጥታው ነበር። ሌላ ስህተት ክርን ሲገድል ፕሮግራሙ ቢያንስ የስህተት ዘገባ ይተፋል። «የክር ሞት» ግን ዝም ብሎ እንዲያልፍ ሆኖ ነው የተሠራው። የቋንቋው ባለቤቶች ትእዛዙን ለምን እንዳወገዙት በጻፉት ማብራሪያ ላይ ራሳቸው እንዳመኑት፣ ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ሂሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡ አልገጥም ብሏት ስታመሽ፣ ጥፋቱን ያደረሰው ክር ከሞተ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«ታዲያ ስህተቱን ይዞ የተበላሸውን ማስተካከል አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። በተግባር ግን ሞቱ በየትኛውም መስመር ላይ ሊመጣ ስለሚችል፣ እያንዳንዱን መስመር «እዚህ ብሞትስ?» እያሉ መጻፍ ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ጽፋችሁ ብትጨርሱ እንኳን፣ ጥገናው ውስጥ እያላችሁ ሁለተኛ «ስቶፕ» ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ለጥገናው ጥገና፣ ለእሱም ሌላ ጥገና… ማለቂያ የለውም።

እሺ፣ ቁልፉን ማስለቀቁ ስህተት ከሆነ አለማስለቀቅ ይሻል ይሆን? ይህን መንገድ ዊንዶውስ ሄዶበታል። «ተርሚኔት ትሬድ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ዛሬም አለ። ክሩን ባለበት ቦታ ይገድለዋል፤ ክሩ ፕሮግራሙ ውስጥ የዘጋውን በር ግን አይከፍትም። ማይክሮሶፍት በራሱ መመሪያ ላይ ትእዛዙን አደገኛ ይለዋል፤ ከሚጠቅሳቸው ጣጣዎች አንዱም የሚያስደነግጥ ነው። ክሩ የተገደለው ከጋራው ማህደረ ትውስታ ቦታ እየጠየቀ ሳለ ከሆነ፣ የማከፋፈያው ቁልፍ ከሟቹ ጋር ይቀራል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ሊጠይቅ የሚመጣ ክር ሁሉ ተራ በተራ በሩ ላይ ይደርቃል። ማህደረ ትውስታ የማይጠይቅ ፕሮግራም ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ሰውየው በሩን ከውስጥ ዘግቶ ሞተ፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጃቫ ቁልፉን አስለቀቀ፣ ዳታው ተበላሸ። ዊንዶውስ ቁልፉን አላስለቀቀም፣ ፕሮግራሙ ቆመ። የግድ ምረጥ ብባል የዊንዶውሱን እመርጣለሁ፤ የደረቀ ፕሮግራም መድረቁ ይታያል፣ የተሳሳተ ሂሳብ ግን ትክክል መስሎ ይቀጥላል። ቁም ነገሩ ግን ምርጫው ላይ አይደለም። ሟቹ የተወውን ቁልፍ ከማስለቀቅና ካለማስለቀቅ ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም፤ ሁለቱም ደግሞ ስህተት ናቸው። ሥራው ግማሽ ላይ ይሁን አልቆ ይሁን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነዋ! ከውጭ የሚያዘው ክር ይህን የሚያይበት መስኮት የለውም።

የ«ስቶፕ» ወንድም የሆነው «ሳስፔንድ» በተመሳሳይ ጉድጓድ ወደቀ። ክሩን አይገድልም፤ ለጊዜው ያደነዝዘዋል፤ ቁልፉን እንደያዘ። የሚቀሰቅሰው ክር መጀመሪያ ያንኑ ቁልፍ ካስፈለገው ሁለቱ ሲጠባበቁ ይኖራሉ። ዴድሎክ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ማለት አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ጃቫ ሲሠራ ያልታወቀ ነገር ቢሆን ኖሮ ትችቴን ባለዝብኩ ነበር። ግን ይታወቅ ነበር። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በሴፕቴምበር 1965 ያሳተመው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ አለ፤ የዚህ ዘርፍ መሠረት ከሚባሉት አንዱ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ወደ አንድ «ወሳኝ ክፍል» አንድ በአንድ ብቻ እንዲገቡ እንዴት ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ሲያስቀምጥ፣ ቅድመ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ፣ አንድ ኮምፒውተር ከወሳኙ ክፍል በደንብ ውጪ ሳለ ቢቆም ሌሎቹን ማገድ የለበትም ይላል። «በደንብ ውጪ ሳለ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ውስጥ ሳለ ቢቆምስ? ስለዚያ ምንም ቃል አልገባም፤ ሊገባም አይችልም ነበር። ጃቫ «ስቶፕ»ን ይዞ የመጣው ከዚህ ጽሑፍ 30 ዓመት በኋላ ነው።

ዳይክስትራ ብቻም አይደለም። ዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ፐር ብሪንች ሃንሰን፣ ከቶኒ ሆር ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ሞኒተር» የሚባለውን ሐሳብ ካዳበሩት ሰዎች ነው፤ የጋራው ዳታና ቁልፉ አንድ ላይ ይታሸጉ፣ ሳይቆልፉ ዳታውን መንካትን ኮምፓይለሩ ይከልክል የሚል ነው ሐሳቡ። ጃቫ የሞኒተርን ስም ወሰደ፤ ክልከላውን ግን ተወው። መቆለፍ አለመቆለፉን ለፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ሰጠው። ብሪንች ሃንሰን በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ይህን በቁጣ ተቸ፤ የእሱ ዘመን ሰዎች የደከሙበት ነገር እንደዋዛ መተዉ አበሳጭቶት ነበር። ቁጣው የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን «ስቶፕ»ንና ይህን ክልከላ መተውን ከአንድ እናት የተወለዱ አድርጌ ነው የማያቸው፤ ሁለቱም «ፕሮግራመሩ ይጠንቀቅ» ከሚል አስተሳሰብ የመጡ ናቸው።

ለፍትሕ ያህል የሌላውንም ወገን ክርክር ላንሳ፤ ለ«ስቶፕ» የተከራከሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ የሚያሠራ ሰርቨር አላችሁ እንበል። ያ እንግዳ ፕሮግራም ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገባ። ጥያቄ አይሰማ፣ ምልክት አያይ፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። «በጨዋነት ጠይቀው» የሚለው ምክር እዚህ ምን ይሠራል?

ምንም አይሠራም። መልሱ ግን እንግዳውን መጀመሪያውኑ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ክፍል አለማሳደር ነው። በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ አስገቡት። ፕሮሰስ እንደ ክር አይደለም፤ የራሱ ማህደረ ትውስታ አለው። ሲገደል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ጎረቤት ያለው ዳታ አይነካም። በ2008 የወጣው የጉግል ክሮም ድረ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች የከፋፈለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው ይዞ እንዳይወድቅ። ኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ ለስልክ መቀያየሪያ ማሽኖች የተወለደው ኤርላንግ የተባለው ቋንቋ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ፈታው፦ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ሠራተኞች ማህደረ ትውስታ ጭራሽ አይጋሩም፣ የሚገናኙት በመልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ አንዱን ገድሎ በሌላ መተካት የዕለት ሥራ ነው።

በእርግጥ ፕሮሰስ መግደልም ፋይልን ግማሽ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ለዚህ ነው ደህና የዳታቤዝ ሲስተም የሚሠራውን በቅድሚያ በማስታወሻ መዝገብ ላይ የሚጽፈው፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳን ሲነሳ መዝገቡን አይቶ ያላለቀውን ይሰርዛል። የአልማዝ 5,000 ብር ወደ ቦታው ይመለሳል። ተራ የጃቫ ክር ይህ መዝገብ የለውም።

ወደ ምትኩ እንምጣ፤ ዋናው ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ጃቫ ከ«ስቶፕ» ይልቅ ተጠቀሙበት የሚለው «ኢንተራፕት»ን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ በክሩ ላይ «መቆም ይፈለጋል» የሚል ምልክት ይሰቅላል፤ ክሩ በሚመቸው ቦታ፣ ሁለቱንም ሂሳብ አስተካክሎ፣ ቁልፉን ለቆ ይቆማል። ክሩ ተኝቶ ወይም ሌላውን እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ቀስቅሶ በስህተት መልክ ይነግረዋል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ክሩ ሲቀሰቀስ ነው፤ ምልክቱ በዚያው ይወርዳል። ጥያቄው የደረሰው ኮድ ራሱ ካልሰማ፣ ወይም ለበላዩ ካላስተላለፈ፣ ጥያቄው ጠፋ ማለት ነው። ጃቫ ደግሞ ይህን ስህተት «ያዝ፣ አለዚያ አሳልፍ» ብሎ ያስገድዳል። የቸኮለ ፕሮግራመር ምን ያደርጋል? ኮምፓይለሩን ዝም ለማሰኘት ስህተቱን ይይዝና በቅንፉ ውስጥ ምንም አይጽፍም። የተማሪዎችን የጃቫ ሥራ ያረመ ሰው ይህን ባዶ ቅንፍ ያውቀዋል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ኮድ ነው፤ ውስጡ ግን ደብዳቤ ተቀብሎ ሳያነብ የሚቀድ ጸሐፊ ተቀምጧል። ለማስተላለፍ ካልተቻለ መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ክሩ በራሱ ላይ «ኢንተራፕት»ን መልሶ ይጥራ፤ ምልክቱ እንደገና ይሰቀላል። ይቺን መስመር መጻፍ ግን ማንም አያስገድድም።

ሌላው ጉድለት ይብሳል። በ«ሲንክሮናይዝድ» በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ክር «ኢንተራፕት»ን አይሰማም። ምልክቱ ይሰቀልለታል፤ እሱ ግን በሩ እስኪከፈትለት አይንቀሳቀስም። እንግዲህ ዴድሎክ ውስጥ የገቡ ሁለት ክሮችን፣ ማለትም ከሁሉ በላይ ማቆም የምንፈልጋቸውን፣ በቋንቋው ዋና ቁልፍና በቋንቋው ዋና ማቆሚያ ማላቀቅ አይቻልም! በ2004 የወጣው ጃቫ 5 ለዚህ ሌላ ዓይነት ቁልፍ አመጣ፤ እየጠበቁ ጥሪ የሚሰሙበት፣ «ለሁለት ሰከንድ ልሞክርና ካልሆነ ልመለስ» የሚሉበት። በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ይህኛው ቁልፍ በራሱ አይለቀቅም፤ በ«ፋይናሊ» ክፍል ውስጥ ልቀቅ ብሎ መጻፍ የፕሮግራመሩ ዕዳ ነው፤ ከረሳ ቁልፉ እንደተያዘ ይቀራል። አንዱን ጉድጓድ ደፍኖ ሌላ ቆፈረ ብል ማጋነን አይሆንም።

ብዙዎች እነዚህን ሁሉ ትተው የራሳቸውን ምልክት ይሠራሉ፤ «ይቁም» የሚል አንድ ተለዋዋጭ፣ ክሩ በየዙሩ የሚያየው። ይህም ወጥመድ አለው። ተለዋዋጩ «ቮላታይል» ካልተባለ፣ ፕሮግራሙን ለፍጥነት የሚያሻሽለው የጃቫ ክፍል «ይሄ እሴት በዚህ ዙር ውስጥ አይለወጥም» ብሎ አንዴ ብቻ አንብቦት ሊቀር ይችላል። እናንተ ከውጭ «ይቁም» ትላላችሁ፤ ክሩ የጥንቱን መልስ ይዞ ይሽከረከራል። ፕሮግራሙ በሙከራ ጊዜ ደህና ሠርቶ፣ ሰርቨር ላይ ወጥቶ ሲሞቅ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ከሌሎቹ ጋር ስናነጻጽር ጉድለቱ ይበልጥ ይታያል። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔት በ2010 «ካንስሌሽን ቶከን» የሚባል ነገር አስተዋወቀ፤ የቀድሞውን የክር መግደያ ትእዛዙንም በአዲሱ ዶትኔት ኮር ውስጥ አልደገፈውም። ቶከኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ትኬት ነው፦ ሥራ ስትሰጡ ትኬቱን አብራችሁ ትሰጣላችሁ፤ አንዴ «ተሰርዟል» ከተባለ ተሰርዞ ይቀራል፣ ማንም አንብቦ ሊያጠፋው አይችልም። ሲ ፕላስ ፕላስም በ2020 ስሪቱ ተመሳሳይ መንገድ ያዘ። እዚያም መቆም በክሩ ፈቃድ ነው፤ ጥያቄው ግን አይጠፋም። ጃቫ ደግሞ በሴፕቴምበር 2023 እጅግ ብዙ ቀላል ክሮችን በአንድ ጊዜ ማሠራት የሚያስችል «ቨርቹዋል ትሬድ» የተባለ ድንቅ ነገር አመጣ፤ የእነዚያም ማቆሚያ ያው «ኢንተራፕት» ነው። የክሮቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ ያ ባዶ ቅንፍ አብሮ ያድጋል።

የመማሪያ መጻሕፍቱም ቢሆኑ ይህን አያግዙም። በተለመደው አቀራረብ የክር ምዕራፍ የሚከፈተው ክርን በማስጀመር ነው፤ ቀጥሎ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ዴድሎክ። ምሳሌዎቹ ወይ አሥር ቆጥረው በራሳቸው ያልቃሉ፣ ወይ «ለዘላለም ድገም» በሚል ዙር ተጽፈው ተማሪው መስኮቱን ሲዘጋ ይሞታሉ። ማቆም የሚባለው ነገር ከመጨረሻው ገጽ አካባቢ በአንድ አንቀጽ ያልፋል። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር፦ ተማሪው እንዴት እንደሚያቆመው ጽፎ ሳያሳይ ክር አያስጀምር።

ለተግባር ያህል፣ ጃቫ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የክር ቡድንን የሚያስተዳድረው «ኤግዚኪዩተር» ሁለት የመዝጊያ ትእዛዞች እንዳሉት ታውቃላችሁ። «ሻትዳውን» አዲስ ሥራ መቀበል ያቆማል፣ የተጀመረውንና በወረፋ ያለውን ግን ያስጨርሳል። «ሻትዳውን ናው» ስሙ «አሁኑኑ ዝጋ» ይላል፤ የሚያደርገው ግን ወረፋውን ባዶ ማድረግና በሥራ ላይ ላሉት ክሮች «ኢንተራፕት» መላክ ብቻ ነው። ስሙ ይዋሻል። ስለዚህ መጀመሪያ «ሻትዳውን»፣ ከዚያ የተወሰነ ሰከንድ መጠበቅ፣ ካላለቀ «ሻትዳውን ናው»፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና መጠበቅና የተመለሰውን መልስ ማየት። መልሱ «አሁንም አላለቀም» ከሆነ ፕሮሰሱን ለመግደል አትቸኩሉ። በመጀመሪያ «ጄስታክ» የሚባለውን መሣሪያ አሠሩት፤ የትኛው ክር የትኛውን ቁልፍ እንደያዘ፣ ማን በማን በር ላይ እንደቆመ በስም ዘርዝሮ ያወጣላችኋል። ያንን ዝርዝር አስቀምጡና ከዚያ ግደሉት።